ጌሚንግ ላፕቶፕ ላስመጣ ወይስ ራም? ኦርኬስትራን ኮምፒውተር ላይ ስለመስራት የላካችኋቸው ጥያቄዎች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ሞክአፕ ላይ ስለሆኑ የዛሬውን አምድ ሙሉ ለሱ ሰጥቼዋለሁ። ሞክአፕ ለማታውቁት፣ ያው ኦርኬስትራ ሳይኖር ኦርኬስትራ የሚመስል ነገር ኮምፒውተር ላይ መስራት ነው። እውነተኛ ተጫዋቾች እያንዳንዷን ኖታ ለስለስ አርገውም ጠንከር አርገውም፣ አርዝመውም አሳጥረውም ስቱዲዮ ውስጥ ተጫውተዋታል፣ እናንተ ኪቦርድ ስትነኩ የምትሰሙት ያንን ቅጂ ነው፣ ቅጂዎቹ ተሰብስበው የሚሸጡበትን ደግሞ ላይብረሪ እንለዋለን። ውጭ አገር የፊልም ሙዚቃ ሰሪው ለዳይሬክተሩ ሀሳቡን የሚያሰማበት ረቂቅ ነው፣ እኛ ጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሞክአፑ ራሱ የመጨረሻው ስራ ይሆናል፣ 40 ቫዮሊን ከየት ይመጣል።

«ጋሼ ሰላም ነው? ከሀዋሳ ነኝ። ቸርች ኪቦርድ እመታለሁ፣ ለኳየሮችም መዝሙር አቀናብራለሁ። ላፕቶፔ ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ነው፣ ኮር አይ5 8ኛ ጀነሬሽን፣ ራሙ 8 ጊጋ፣ ኤስኤስዲው 256። የምሰራው ኤፍኤል ስቱዲዮ በሚባለው የሙዚቃ ሶፍትዌር ነው። ስትሪንግ ስሰራ ኪቦርድ ኪቦርድ ይላል እንጂ ፊልም ላይ እንደምሰማው አይሆንልኝም፣ ትራክ ሲበዛ ደሞ መንጫጫት ይጀምርና ቀጥ ይላል። አጎቴ በሚቀጥለው ወር ከዱባይ ይመጣል፣ አንድ የሚጠቅምህን እቃ ንገረኝ ብሎኛል። ጓደኞቼ ጌሚንግ ላፕቶፕ አስመጣ እያሉኝ ነው። ምን ልበለው?»

ወንድሜ፣ ጌሚንግ ላፕቶፑን ተወው። የሱ ዋጋ የሚንረው በግራፊክስ ካርዱ ነው፣ ግራፊክስ ካርድ ደሞ ለቫዮሊን ምንም አያደርግልህም፣ በዛ ላይ ፋኑ ሲጮህ ቮካል የምትቀዳበት ክፍል ውስጥ አብሮ ይገባል። አንተ ያለህ ማሽን ክፉ አይደለም፣ የታነቀ ማሽን ነው። የት ጋ እንደታነቀ ልንገርህ።

አንድ የስትሪንግ ላይብረሪ ስትከፍት ኮምፒውተሩ ሁሉንም ቅጂ ራም (ሲሰራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደር) ላይ አይጭነውም፣ አይችልምም። የእያንዳንዷን ኖታ መጀመሪያ ቁራጭ ብቻ ራም ላይ ያስቀምጥና ኖታዋን ይዘህ ስትቆይ የቀረውን ከዲስክ እያነበበ ያቀብልሃል። ስለዚህ ራሙ ጠባብ ከሆነ ብዙ መሳሪያ መክፈት አትችልም፣ ዲስኩ ቀርፋፋ ከሆነ ደሞ የተከፈተው ራሱ ይቆራረጣል። 8 ጊጋ ላይ ዊንዶውስና ብራውዘርህ ብቻቸውን ግማሹን ሊይዙብህ ይችላሉ፣ የተረፈው ለሁለት ሶስት ትልልቅ መሳሪያ ካልሆነ አይበቃም። 256ቱም ቢሆን በዊንዶውስና በመዝሙር ፋይል ተሞልቷል ብዬ ነው የማስበው።

ደስ የሚለው ነገር 840 ጂ5 ሁለት የራም ቦታ አለው፣ እስከ 32 ጊጋ ይቀበላል። አጎትህን እንዲህ በለው፣ የላፕቶፕ ራም፣ ዲዲአር4፣ 16 ጊጋ የሆነ ሁለት ፍሬ። «የላፕቶፕ» የሚለውን አስረግጠህ ንገረው ምክንያቱም የዴስክቶፑ ራም ረጅም ነው አይገባልህም፣ ዲዲአር5 ካመጣም አይገባም፣ ስለዚህ የላፕቶፑን ሞዴል ፎቶ አንስተህ ላክለትና ሻጩ ራሱ አይቶ ይስጠው። ሁለተኛ እቃ 1 ቴራ ኤስኤስዲ፣ የማይሽከረከረው ፈጣን ዲስክ። ውስጥ የሚገባውን ኤንቪኤምኢ ካመጣልህ ጥሩ፣ እሱ ካስቸገረ በዩኤስቢ የሚሰካውን ውጫዊ ኤስኤስዲ ያምጣ፣ ለላይብረሪ እሱም ከበቂ በላይ ነው። ብቻ ሃርድ ዲስክ እንዳያመጣ፣ ርካሽና ትልቅ ነው ብለው ይሸጡለታል፣ ግን የሚሽከረከር ዲስክ መቶ ኖታ ከመቶ ቦታ ባንዴ አንብብ ስትለው መርፌው ወዲያና ወዲህ ሲሮጥ ሙዚቃው ያልፈዋል። ለመጠባበቂያ ቅጂ ከሆነ ይሁን፣ ለመጫወቻ አይሆንም።

ሶስተኛው እቃ ትንሽ ነው ግን ከሁለቱም ይበልጥብኛል፣ ፌደር (ወደላይ ወደታች የሚገፋ ማንሸራተቻ) ያለው ኮንትሮለር። ኮርግ ናኖኮንትሮል 2 የሚባለው 8 ፌደር አለው፣ ቦርሳ ጎን ላይ ይገባል። ለምን መሰለህ፣ ያንተ ስትሪንግ ኪቦርድ ኪቦርድ የሚለው በላይብረሪው ርካሽነት አይደለም (እሱም ትንሽ አለበት እሺ)፣ አጨዋወቱ ነው። ፒያኖ ላይ ጠንከር አርገህ ከመታህ ጠንካራ ድምፅ ይወጣል፣ ከዛ በኋላ ኖታዋን ምንም አታደርጋትም። ቫዮሊን ግን ኖታውን ከጀመረው በኋላ ነው ስራው፣ ቀስቱን ሲጫን ድምፁ ያብጣል፣ ሲያላላ ይሟሟል። ላይብረሪዎች ይሄንን የሚያደርጉት በሞድ ዊል፣ ኪቦርድ ጎን ባለችው መንኮራኩር ነው፣ ለሶፍትዌሩ የምትልከው ትእዛዝ ሲሲ 1 ይባላል። ሲሲ 1ን ከታች ወደ ላይ ስትገፋው ድምፁ የሚጨምር ብቻ እንዳይመስልህ፣ በለስላሳው የተቀዳው ቅጂ ቀስ እያለ በጠንካራው ይተካል፣ የድምፁ ቀለም ራሱ ይቀየራል። ሲሲ 11 ደሞ አለ፣ እሱ ድምፅ መጠን ብቻ ነው የሚነካው። አንተ ሁለት ፌደር ላይ ሁለቱን አስቀምጠህ ቀኝ እጅህ ሲጫወት ግራ እጅህ እየገፋ እየመለሰ አብሮ ይዘምር። አንድም ረጅም ኖታ ቀጥ ብላ አትቁም፣ ወይ እየወጣች ነው ወይ እየወረደች ነው። ይሄንን ብቻ ብታደርግ ያለህ ርካሽ ድምፅ ላይ ለውጡን ራስህ ትሰማዋለህ።

ሌላው የኪቦርድ ተጫዋች ሁሉ አመል አለ፣ አስሩንም ጣት አንድ «ስትሪንግስ» የሚል ድምፅ ላይ አሳርፎ ኮርድ መያዝ። ኦርኬስትራ እንደዛ አይጫወትም። አንደኛ ቫዮሊን የራሱ መስመር አለው፣ ሁለተኛው የራሱ፣ ቪዮላ፣ ቼሎ፣ ባስ፣ እያንዳንዱን ለብቻው በየትራኩ ተጫወተው፣ መስመሩን ባፍህ ዘምረው እስኪ፣ ካልተዘመረ መስመሩ አልተሰራም። ታች ላይ ኖታዎቹን አራርቃቸው፣ ባሱ ከቼሎው አንድ ኦክታቭ ወርዶ ያንኑ ቢል ይበቃዋል። ሰስቴን ፔዳሉን ለስትሪንግ ንቀለው። ኳንታይዝ (ኖታዎቹን ልክ ምቱ ላይ የሚያሰልፈው) ደሞ 100 ፐርሰንት አታድርግ፣ 16 ሰው ባንድ ሚሊሰከንድ ቀስት አያነሳም።

ላይብረሪ አሁን ምንም አትግዛ። ስፒትፋየር ኦዲዮ የቢቢሲ ሲምፎኒ ኦርኬስትራን ሎንዶን ማይዳ ቬል ስቱዲዮ ውስጥ ቀድቶ ከሰራው ላይብረሪ ዲስከቨር የሚባለው እትም በነፃ ይገኛል፣ ሙሉ ኦርኬስትራ ነው፣ 33 መሳሪያ፣ መጠኑ ደሞ 200 ሜጋ አካባቢ ስለሆነ በሞባይል ዳታም ይወርዳል። የዚሁ ላይብረሪ ፕሮፌሽናል እትም 600 ጊጋ አካባቢ ነው፣ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ከዚህ ገምት። ዲስከቨር ላይ እውነተኛ ሌጋቶ የለም፣ ማለትም ከኖታ ወደ ኖታ ሲሻገሩ ቀስቱ ሳይነሳ የሚሰማው መሸጋገሪያ አልተቀዳም፣ ቀስ ያለ ዜማ ላይ ይሄ ጉድለት ይሰማሃል። እሱ ማናደድ ሲጀምርህ ነው ገንዘብ የምታወጣው፣ ያኔም ሙሉ ኦርኬስትራ ሳይሆን ስትሪንግ ብቻ ግዛ፣ መዝሙር ላይ ትልቁን ስራ የሚሸከመው ስትሪንግ ነው፣ ትሮምቦኑን ዲስከቨር ይሸፍንልሃል።

ኤፍኤል ስቱዲዮን በተመለከተ፣ ለቢት ጌታ ነው፣ ለኦርኬስትራ ግን እኔ ይደክመኛል። ሲሲ 1ን መቅዳትና ማረም ይቻላል ግን ዙሪያ ጥምጥም ነው፣ ኖታውና የሲሲ መስመሩ አብረው ከስር ከስር ተደርድረው እያየሃቸው ማረም ትፈልጋለህ። ሪፐር የሚባለውን ሶፍትዌር ሞክረው። ሲወርድ ጥቂት ሜጋ ነው፣ አሮጌ ማሽን ላይ ይፈጥናል፣ 60 ቀን ምንም ሳይቆለፍብህ ትሞክረዋለህ፣ ለግለሰብ ላይሰንሱ 60 ዶላር ነው። መልኩ አያምርም፣ እሱን ቻለው። ኪውቤዝም በጣም ጥሩ ነው፣ ወደፊት ፊልም ላይ ልሰራ ካልክ ኤክስፕሬሽን ማፕ የሚባለው ነገሩ ስታካቶውን፣ ፒዚካቶውን፣ ትሬሞሎውን ባንድ ትራክ ላይ እየቀያየረ ያስኬድልሃል፣ ግን ለዛሬ አያስቸኩልም። ከውጭ የሚገዛ ነገር ካለ አጎትህ ካርድ አለው፣ እሱ ይክፈል፣ ብቻ አካውንቱ ባንተ ኢሜይል ይከፈት፣ በሱ ስም ከተመዘገበ ነገ ላፕቶፕ ስትቀይር እንደገና ለማስነሳት ዱባይ መደወል ነው። ስለ ክራክ፣ ቁልፉ ተሰብሮ ሳይከፈልበት ስለሚጫን ሶፍትዌር፣ ብዙዎቻችሁ ትጠይቁኛላችሁ፣ ቫይረሱን ትቼ፣ አንድ አፕዴት ስታደርግ ላይብረሪው «አላውቅህም» ይልሃል፣ ያለቀ ፕሮጀክት ከፍተህ ግማሹ ትራክ ዝም ሲልብህ ገንዘቡ ርካሽ እንደነበረ ይገባሃል።

አንድ ተጨማሪ ነገር፣ መብራት። ላፕቶፕ ከቻርጀር ሲላቀቅ ሀይል ለመቆጠብ ፕሮሰሰሩን ያዘገያል፣ ደህና ሲሄድ የነበረው ሙዚቃ መብራት ሲጠፋ የሚንጫጫው ለዛ ነው። ያለቀልህን ትራክ ፍሪዝ አድርገው፣ ወደ ኦዲዮ ይቀየርና ራሙንም ፕሮሰሰሩንም ይለቅልሃል፣ ባትሪ ላይም ይሄዳል። ፓወር ፕላኑንም ሀይ ፐርፎርማንስ ላይ አድርገው።

ቸርቻችሁ ውስጥ አንድ ቫዮሊን ወይ ማሲንቆ የሚጫወት ልጅ ካለ ደሞ ሀብታም ነህ። አንድ ማይክ አቁምለትና ዋናውን ዜማ ከሳምፕሉ (ከላይብረሪው ቅጂ) በላይ አንድ ጊዜ ቅዳው፣ ያቺ አንዷ እውነተኛ ቀስት ከስር ያሉትን ሁሉ ሰው ታስመስላቸዋለች፣ ውጭ ያሉ ትልልቆቹም የሚያደርጉት ነው። ማሲንቆው ከትራኩ ጋር መጀመሪያ ይቃኝ እንጂ፣ ሳምፕሉ ወደሱ አይሄድለትም።

«ከጅማ ነኝ። ኪቦርዱን ስነካው ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል። ኦዲዮ ካርድ ልግዛ?»

መጀመሪያ በምንድነው የምትሰማው? ብሉቱዝ ኢርፎን ከሆነ መልሱ አለቀ፣ ባለሽቦ ሰካ። ካልሆነ ዊንዶውስ የራሱን የድምፅ መንገድ እየተጠቀመ ይሆናል፣ አሲዮ4ኦል የሚባል ነፃ ድራይቨር ጫንና ሶፍትዌርህ ውስጥ እሱን ምረጥ። ከዛ በፈር ሳይዙን፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን ከማውጣቱ በፊት የሚያጠራቅመውን መጠን፣ እይ። 2048 ላይ ከሆነ 46 ሚሊሰከንድ ዘግይተሃል ማለት ነው፣ በዚህ ማንም አይጫወትም። 512 ላይ ወደ 12 ይወርዳል፣ 128 ላይ ወደ 3። ስትቀዳ አውርደው፣ ሚክስ ስታደርግ መልሰህ ስቀለው፣ ማሽኑ እንዲተነፍስ። አሁንም የሚንጫጫ ከሆነ ሌተንሲሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ የትኛው ድራይቨር እንደሚረብሽህ ይነግርሃል፣ ብዙ ጊዜ ዋይፋዩ ነው፣ ስትሰራ አጥፋው።

ግን ሌላ ዓይነት መዘግየት አለ ብዙ ሰው ከዚህ ጋ የሚያምታታው። የላይብረሪው ሌጋቶ ራሱ ይዘገያል፣ ምክንያቱም የቀስቱ መሸጋገሪያ እስኪያልፍ ጊዜ ይወስዳል። ሲኒማቲክ ስቱዲዮ ስትሪንግስ የሚባለው ላይ ቀርፋፋው ሌጋቶ 333 ሚሊሰከንድ ይደርሳል፣ ፈጣኑ 100 ነው። ይሄንን ሺህ ዶላር ኦዲዮ ካርድ አይፈታውም፣ ትራኩን በሶፍትዌሩ ትራክ ዲሌይ ላይ በዛው ልክ ቀድሞ እንዲነሳ ታደርገዋለህ ወይ ኖታዎቹን በእጅህ ቀደም ታደርጋቸዋለህ። ኦዲዮ ካርድ ማይክ መሰካት ስትፈልግ ግዛ፣ ፎከስራይት ስካርሌት ሶሎ ለጀማሪ ይበቃል።

«ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ለጓደኞቼ አጫጭር ዶክመንተሪዎች ሙዚቃ እሰራለሁ፣ ማታ ልጆች ሲተኙ። ማክ ሚኒ ኤም4 ልገዛ ነው፣ 16 ጊጋ ይበቃኛል ወይስ 24? ስቶሬጁንስ ከፍ ላርገው? ሎጂክ የሚባለውን የአፕል የሙዚቃ ሶፍትዌር ልገዛ አስቤያለሁ፣ ስፒከርም ንገረኝ።»

እህቴ፣ 24ቱን ውሰጂ። የማክ ራም ከተገዛ በኋላ አይጨመርም፣ የሚወሰነው የምትከፍይበት ቀን ነው፣ ሀዋሳ ያለው ወንድማችን አሮጌ ላፕቶፕ ከፍቶ የሚያደርገውን አንቺ አዲስ ማሽን ላይ ማድረግ አትችይም። ስራሽ አጫጭር ስለሆነ 16ቱም ያሰራል፣ ግን ሁለት ዓመት ቆይተሽ ብራስና ኳየር ስትደራርቢ ይቆጭሻል። ስቶሬጁን ግን ለአፕል አትክፈይው፣ ከኋላ ሶስት ተንደርቦልት 4 መሰኪያ አለው፣ ውጫዊ ኤስኤስዲ 2 ቴራ ሰክተሽ ላይብረሪውን በሙሉ እዛ አድርጊ፣ የሎጂክን የራሱን ሳውንድ ላይብረሪ እንኳ ከሜኑው ወደ ውጫዊው ዲስክ ማዛወር ይቻላል።

ሎጂክን ወዲያው አትግዢ፣ 90 ቀን በነፃ ይሰጣል፣ ከዛ 199.99 ዶላር ነው፣ ያንን አንዴ ነው የምትከፍይው። ውስጡ ስቱዲዮ ስትሪንግስና ስቱዲዮ ሆርንስ የሚባሉ መሳሪያዎች አሉት፣ እነሱን ሳትጨርሺ ሌላ ሱቅ አትግቢ። በቅናሽ ሰሞን ላይብረሪ ገዝቶ ገዝቶ አንድም ሳይከፍት የሚያስቀምጥ ሰው በጣም ብዙ ነው፣ ይሄ በሽታ ውጭ አገር ካርድ ካላቸው ሰዎች ጋ ይብሳል።

ስፒከር አልመክርሽም። አፓርትመንት፣ ማታ፣ ልጆች፣ ሶስቱ አንድ ላይ ሆነው ስፒከር ምን ያደርግልሻል? ያላከምሽው ትንሽ ክፍል ውስጥ ባሱ ውሸቱን ነው የሚነግርሽ። ጥሩ ሄድፎን ይሻላል፣ ቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ዝግ ነው፣ ድምፁ ብዙም አይወጣም፣ የተኛ ሰው አይቀሰቅስም። ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 ክፍት ነው፣ ኦርኬስትራውን የበለጠ ሰፋ አርጎ ያሰማል ግን አጠገብሽ ያለ ሰው አብሮሽ ይሰማል። ሪቨርብ (ማስተጋባት) ላይ ተጠንቀቂ፣ ሄድፎን ላይ መጠኑ ያሳስታል፣ ላይብረሪው አዳራሽ ውስጥ የተቀዳ ከሆነ ደሞ የራሱ ማስተጋባት ስላለው ሌላ አዳራሽ አትደርቢበት፣ ትንሽ ጅራት ብቻ ጨምሪለት።

«የሙዚቃ መምህር ነበርኩ፣ አሁን ጡረታ ላይ ነኝ፣ አዲስ አበባ። በእርሳስ የጻፍኳቸው የትዝታና የባቲ ቅንብሮች አሉኝ፣ ለስትሪንግና ለንፋስ መሳሪያ። አንዳቸውንም ተጫውተውልኝ አልሰማሁም። ቀድሞ ፊናሌ የሚባለው የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ላይ ትንሽ ሰርቻለሁ፣ እሱ ቀርቷል ይሉኛል። እናንተ የምትሉትን ፌደር ምናምን መማር አልፈልግም፣ መስማት ብቻ ነው የምፈልገው።»

መምህር፣ ፊናሌ እውነትም ቀርቷል፣ ኩባንያው ከ35 ዓመት በኋላ በነሐሴ 2024 እንደ ፈረንጆቹ ማሳደጉን አቁሜያለሁ ብሏል። እርስዎ ግን ከዚህ ሁሉ ሰው ቀላሉን መንገድ ነው የያዙት፣ ኖታ ያነባሉ። ሙዝስኮር 4 የሚባለውን የኖታ መጻፊያ ይጫኑ፣ ነፃ ነው። ከሱ ጋር ሙዝ ሳውንድስ የሚባሉ ድምፆች አሉ፣ እነሱም ነፃ ናቸው፣ ሙዝ ሀብ በሚባል ሌላ ፕሮግራም በኩል ይወርዳሉ። እርስዎ ወረቀቱ ላይ የጻፉትን ፒያኖ (ለስለስ)፣ ፎርቴ (ጠንከር)፣ ክሬሸንዶ (እያደገ)፣ ስለር (ሳይቆራረጥ) የሚሉ ምልክቶች እያነበበ ራሱ ይጫወተዋል፣ አንዷ ረጅም ኖታ ላይ ክሬሸንዶ ቢያስቀምጡ እንኳ ኖታዋ እያበጠች ትሄዳለች። እኛ በፌደር የምንደክምበትን እርስዎ በብዕር ጽፈውታል ማለት ነው። ያልጻፉትን ግን አያውቅም፣ ስለዚህ ተጫዋቹ በራሱ ይረዳዋል ብለው የተዉትን ዳይናሚክስ ሁሉ ይጻፉት።

ኮምፒውተሩ አዲስ መሆን የለበትም፣ ያገለገለ የቢሮ ላፕቶፕ፣ ኮር አይ5፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ ያለው፣ ዊንዶውስ 10 ወይ ከዛ በላይ የተጫነበት ይበቃዎታል። ድምፆቹ ግን ከባድ ናቸው፣ ብዙ ጊጋ ስለሚሆኑ ልጅ ካለ በሌሊት ፓኬጅ ወይ ጥሩ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ያውርድልዎ፣ ሁሉንም ማውረድም የለብዎትም፣ ስትሪንጉንና የንፋስ መሳሪያዎቹን ለይቶ መምረጥ ይቻላል። ክራርና ማሲንቆ እዛ ውስጥ የሉም፣ የክራር መስመር ከጻፉ ለመስማት ያህል በበገና መሰሉ ሃርፕ ወይ በጊታር ያስነኩት። አይንዎ የሚያስቸግር ከሆነ ትንሽ ሞኒተር ከላፕቶፑ ጋር ያስገናኙ፣ ሙሉ ስኮር በ14 ኢንች ስክሪን ማየት ለወጣትም ይከብዳል።

ከዚያው ፕሮግራም የእያንዳንዱን መሳሪያ ክፍል ለየብቻ አውጥቶ ማተም ይቻላል፣ ተጫዋች ሲገኝ። ሚዲ ፋይልም (ድምፁን ሳይሆን ኖታዎቹን የያዘ ፋይል) ያወጣልዎታል፣ እሱን ለአንድ ፌደር ለሚወድ ልጅ ቢሰጡት ቀሪውን እሱ ይሰራዋል።